ጫጉላ ለሦስት

«ሽርሽር ነው ብላ ትሂድ። እዚያ ከደረሰች በኋላ ወዴት ትሄዳለች?»

እንዲህ ያሉት የእጮኛዋ እናት ናቸው። ትኬት ቆራጯ ይህን የሰማችው በጓሮ በኩል፣ ከማድቤቱ መስኮት ሥር ቆማ፣ የተጠቀለለ መጋረጃ በብብቷ እንደያዘች ነው። የፊት ለፊቱ በር ደወል ከተበላሸ ቆይቷል። የቤቱ ልጅ የታወቀ ሊፍት ጠጋኝ ሆኖ ሳለ ለገዛ ቤቱ ደወል ጊዜ አላገኘም፤ ስለዚህ ቤተኛ የሆነ ሁሉ በጓሮ ይገባል። እሷም ከተጫጩ ወዲህ ከቤተኞቹ ተቆጥራ በጓሮ መግባት ስትጀምር ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን እግሯ እዚያው ተተከለ። የእናትየው ንግግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር፤ አማት መቼም አማት ናት፣ ሳትናገር አታድርም ብላ ታልፈው ነበር። ያልቻለችው ቀጥሎ የተሰማውን የእጮኛዋን ድምፅ ነው። «እሺ እማዬ፣ ገባኝ» አለ። ልክ ዳቦ ገዝተህ ና እንደተባለ ሰው።

ወደ አጥሩ በር ተመለሰች። በሩን ከፍታ ገጭ አድርጋ ዘጋችውና ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደ አዲስ መጣች። እናትየው ከማድቤት ብቅ ብለው እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ተቀበሏት። «ውይ የኔ ልጅ! በዚህ ጠዋት? ሥራ የለሽም እንዴ?» አሉ። መጋረጃውን ላድርስ ብላ መሆኑን ነገረቻቸው። አቅፈው ሳሟት፤ አቅፈውም ቆዩ። ከትናንት በስቲያ እንዲህ ቆይተው ይሁን አይሁን ልታስታውስ ሞከረችና አቃታት። እጮኛዋ የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ፤ ጉንጯን ሳማት፤ «ማታ እደውላለሁ» አለና ዓይኑን ጫማዋ ላይ እንደተከለ አለፋት። ጫማዋን አየችው። ምንም አልነበረበትም።

እነሱ የሚገቡበት ክፍል ከዋናው ቤት ጎን የተቀጠለ ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃውን ስትሰቅል እናትየው ወንበሩን በሁለት እጃቸው ያዙላት። ከታች ሆነው የጨርቁን ዋጋ ጠየቁ፣ ሰፊዋ አስወድዳለች አሉ፣ ስለ ቀለሙ አደራረቅ አወሩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «አንቺ ግን ጎንሽን፣ ወገብሽን ምን አሞሽ ያውቃል?» አሉ።

«ኧረ ደህና ነኝ እማማ።»

«ጎሽ! ጤና ነሽ። ለጋብቻው ስትመረመሩም ደማችሁ አንድ ሆነ አሉ። ከእሱም ከእሷም ጋር አንድ። ሲያጣምር እንዲህ ነው።»

«እሷ» ያሏት ትልቋን ልጃቸውን፣ ሁሉም «እታለም» የሚላትን ነው። እታለም ደም ማነስ አለባት ተብሏል። በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ እንደታጠበ ጨርቅ ተጨምቃ ትመለሳለች፤ በሙቀትም ቢሆን ረጅም እጅጌ ትለብሳለች፤ የእሷ ምግብ በትንሽዬ ድስት ለብቻው ይበስላል። ትኬት ቆራጯ ይህን ሁሉ ለወራት ስታየው ኖራለች፤ አንድም ቀን ግን አላሰበችበትም። ደም ማነስ ሲሏት ደም ማነስ ብላ ነበር። መጋረጃው ተሰቅሎ ስታበቃ እታለም ፊቷ አብጦ፣ ግድግዳውን ተደግፋ መጣች። ስለ መጋረጃው ምንም አላለችም። የትኬት ቆራጯን እጅ ያዘችና፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ ጎንበስ ብላ ሳመችው።

«ውለታሽን በምን...» ብላ ጀመረች።

«ግቢና ተኚ አንቺ!» አሉ እናትየው፤ «ብርድ ነው።» ብርድ አልነበረም።

የምትሠራበት የጉዞ ወኪል ቢሮ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ በፎቶ ቤትና በጫማ መደብር መካከል ነው። ግድግዳው ላይ ባሕር አለ፤ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ፤ አየሩ ዓመቱን ሙሉ የማይለወጥበት ደሴት አለ። ሙሽሮች እንደ ዝናብ ወቅት ጠብቀው ይመጣሉ። ሚስትየዋ «ባሕሩ ከመስኮት ይታያል?» ስትል ባልየው «ቁርስ አብሮ ነው?» ይላል፤ ከዚህ ከሁለቱ ጥያቄ ተነስታ ትዳሩ ወዴት እንደሚሄድ መገመት ከለመደች ቆይታለች። የራሷን ጫጉላ ግን ያቀደችው እሷ አይደለችም። እጮኛዋ ነው «ዓመት ሙሉ ለሰው ስታቅጂ ትኖሪያለሽ፤ ይቺን እንኳ ለእኔ ተይልኝ» ብሎ የለመናት። ልቧ ቀልጦ ለቢሮው ሁሉ አውርታ ነበር። መድረሻው ሕንድ አገር ያለችው ጃይፑር መሆኗን ሲነግራት ግን ትንሽ ገርሟት ነበር። ከተማዋን ከሥራዋ ታውቃታለች፤ ሮዝ ቀለም የተቀባ አሮጌ ግንብ አላት፤ የድሮ ነገሥታት ሴቶች ሳይታዩ መንገዱን የሚያዩበት፣ ፊቱ በሙሉ ትንንሽ መስኮት የሆነ ቤተ መንግሥት አላት። ቆንጆ ናት። ግን እነሱ በሚሄዱበት ወር እሳት ናት። «በዚያ ወር ግመልም ጥላ ይፈልጋል» ስትለው «ሙቀት እወዳለሁ» አላት። ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ሲያልበው የሊፍቱን ፈጣሪ ከነዘሩ የሚራገም ሰው! ያኔ ስቃ ነበር።

አጠገቧ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዋ ሳቂታ ትባላለች፤ ለቅሶ ቤትም ስቃ ታውቃለች ይሏታል። ትኬት ቆራጯ የሰማችውን ሁሉ ሳይሆን ቆንጥራ ነገረቻት፤ ደሟን፣ ጎኗን፣ እጇ መሳሙን።

«ኩላሊትሽን ሊያወጡት ነው በይኛ!» አለች ሳቂታ። «እኔ የምልሽ፣ አንዱን ለእኔ ባስቀመጥሽልኝ።» እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየችና ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። «ውይ... እየቀለድኩ እኮ ነው» አለች። ግን ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወደየኮምፒዩተራቸው ዞሩ። አንድ ባልና ሚስት ገቡ፤ ስለ ደሴቱ ጠየቁ፤ ትኬት ቆራጯ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ተሳስታ ነገረቻቸው። በአእምሮዋ ትንሿ ድስት ከረጅሙ እጅጌ፣ እጅጌው ከወገቧ ጋር እየተገጣጠመ ነበር። ሰው እጮኛውን እንዲህ አያደርግም ትላለች፤ መልሳ ደግሞ ያ «እሺ እማዬ» ጆሮዋ ላይ ይደውላል።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቢሮው ሲቀዘቅዝ፣ ስልኩን አነሳች። ጃይፑር የሚያርፉበት የእንግዳ ማረፊያ ስም አንድ ጊዜ ከእጮኛዋ አፍ ሲያመልጥ ሰምታ ነበር። ወዲያ ማዶ ያነሳው ሰውዬ ድምፁ የለሰለሰ፣ እንግዳ መቀበል የሚወድ ሰው ነበር። በእንግሊዝኛ ተግባቡ። ስማቸውን ስትነግረው ወዲያው አገኘው፤ ደስም አለው። አዎ፣ ሦስት ሰዎች ናቸው አለ። ሁለቱ ክፍሎች ምድር ቤት ናቸው፣ ደረጃ የለባቸውም፣ በመካከላቸው በር አለ፣ እንደተጠየቀው። አንድ ወር ተኩል ቢበቃ ጥሩ ነው፣ ካልበቃም ይራዘማል። ለታማሚዎች ጨው የሌለው ምግብ ራሳቸው ያበስላሉ፤ ሆስፒታሉ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ መኪና ከፈለጉ በነፃ ነው፤ ምንም እንዳትሰጋ። ከዚያ፣ እንደ ዘመድ በተጠነቀቀ ድምፅ ጠየቃት፤ «ይቅርታ እመቤቴ፣ እርስዎ ታማሚዋ ነዎት ወይስ ሰጪዋ?»

ስልኩን ዘጋችው። አመሰግናለሁ ማለቷን እንኳ አላስታወሰችም። ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ ሳቂታ ወዴት ነው አላለቻትም።

እጮኛዋ በዚያ ሰሞን የሚሠራው መሃል ከተማ ባለ አንድ የቢሮ ሕንፃ ነው። ሊፍቱ ቆሟል፤ በሩ ላይ «ጥገና ላይ ነው» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። በደረጃው ወጣች። ቁልቁል የሚወርዱ ሠራተኞች ቀልደኛ ሆነው «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» ይሏታል፤ ትንሽ አልቀራትም። በየፎቁ ለራሷ የምትናገረውን ታዘጋጃለች፤ ቀጣዩ ፎቅ ላይ ትረሳዋለች። ጣሪያው ላይ፣ ትልቁ ሞተር ካለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኖ አገኘችው። ሲያያት መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

«ሰጪዋ ማን ናት?» አለችው ሰላም ሳትለው።

«የምን ሰጪ?»

«ጃይፑር ደውዬ ነበር። ታማሚዋ ነሽ ወይስ ሰጪዋ አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

የያዘውን መፍቻ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን የሚያስተኛ ነው የሚመስለው። «አንቺ መስሎሽ ነው?» አለ። «ኧረ በሞቴ፣ ከአንቺ ሊወሰድ መስሎሽ ነው?»

«እናትህ ጎኔን እየጠየቁ፣ ደሜን እያወሩ ማን ይምሰለኝ? ድመቷ?»

ሸሚዙን ከሱሪው መዝዞ አወጣና ግራ ጎኑን በጥቁር ጣቱ ነካው። ጣቱ የግራሶ ምልክት ተወ። «ይቺ ናት» አለ። «የእኔዋ። እሷንም ለእታለም ነው።»

የሞተሩ ሽፋን ላይ ተቀመጠች። የተሰማት መጀመሪያ እፎይታ ነበር፤ ወዲያው በእፎይታዋ አፈረች፤ ከእፍረቱ ሥር ደግሞ ቁጣው ቀስ እያለ መጣ። እሱ ቆሞ ማስረዳት ጀመረ። የእታለም ሁለቱም ኩላሊቶች ደክመዋል። ደሟ በመሣሪያ ነው የሚታጠበው። የእሱ ተስማምቷል። ሰርጉ ሳይደርስ ሄዶ ሊመጣ ነበር ያሰበው፤ እናቱ ናቸው እምቢ ያሉት። ጎኑ የተቀደደ ሙሽራ ማን ይቀበላል፣ ዘመዶቿ ከሰሙ ያስጥሏታል፣ መጀመሪያ አግባ፣ ከዚያ...

«ከዚያ ወዴት ትሄዳለች» ብላ ጨረሰችለት።

ጠዋት መስኮቱ ሥር ቆማ እንደሰማቻቸው አሁን ገባው።

«የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን እውነተኛ ሽርሽር ነበር» አለ ቆይቶ፤ ድምፁ ልመና ነበር። «ያንን መስኮታም ቤተ መንግሥት ላሳይሽ አስቤ ነበር። እታለምም ከእኛ በኋላ በሌላ በረራ መጥታ እስከዚያ ክፍሏ ትቆያለች። ከዚያ በኋላ እነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ማደንዘዣ ሲወጉህ?»

«ልትጠይኝ ትችያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ እኮ እሺ እል ነበር» አለች። ይህን ስትለው ድምጿ ተሰበረ፤ ቀኑን ሙሉ ያላለቀሰችው አሁን መጣባት። እዚያ፣ የማታውቀው አገር፣ ሁለት ሕመምተኛ በሁለት ክፍል ይዛ፣ በመካከሉ ባለው በር ስትመላለስ ራሷን አየች። ስትጠየቅ በደስታ የምታደርገው ነገር ነበር። እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ተነሳች። «እታለም ታውቃለች?»

«ምኑን?»

«እኔ እንደማላውቅ።»

እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ጨርቁም እጁም እኩል ቆሻሻ ነበሩ። እሷ ደረጃውን መውረድ ስትጀምር ጨርቁን ጥሎ ተከተላት።

እዚያ ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። በጓሮ አልገባችም፤ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳች። እናትየው ከፈቱና ሁለቱን አንድ ላይ፣ የአንዱን ሸሚዝ በግራሶ የሌላዋን ዓይን በለቅሶ ተበላሽቶ ሲያዩ፣ ምንም ሳይጠይቁ መንገድ ለቀቁ። የእታለም ክፍል ትንሽ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ውሃ የሚለካበት ብርጭቆ። ውሃ እንደ ልቧ እንደማትጠጣም ትኬት ቆራጯ ገና አሁን አስተዋለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እታለም፣ ጠዋት እጄን ለምን ሳምሽው?»

እታለም ወደ እናቷ አየች፤ ከዚያ ወደ ወንድሟ። «ስለተስማማሽ ነዋ» አለች። «ሙሽራ ሆነሽ እኔን ልታስታምሚ፣ ባልሽ ጎኑን ሲሰጠኝ እያየሽ... እንዲህ ያለ ሰው እኮ የለም። ‹አፍራ ነው፣ ስለ ነገሩ እንዳታነሽባት› ስላሉኝ ዝም አልኩ እንጂ፣ በየቀኑ ላመሰግንሽ አስብ ነበር።»

«የሰማሁት ዛሬ ነው።»

ጎረቤት ራዲዮ ተከፍቶ የአየር ጠባይ ይነገራል። እታለም ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳበች፤ ፊቷ ላይ የነበረው እብጠት ሁሉ ወደ ውስጥ የገባ መሰለ። «እንግዲህ እኔ አልሄድም» አለች።

«ምን?» አሉ እናትየው። «ልትሞቺ ነው? አንቺ ልጅ ልትገድይኝ ነው?»

«በማታለል አልድንም እማዬ። ሰው ሰርቄ ነው እንዴ የምድነው?»

እናትየው በሁለት እጃቸው ጭናቸውን መቱ። ከዚያ ወደ ትኬት ቆራጯ ዞሩ፤ ዓይናቸው ደረቅ ነበር። «እኔ ክፉ ሴት እመስልሻለሁ አይደል?» አሉ። «አንዷ ዓይኔ እያየ ታልቃለች። አንዱ ሊቀደድ ነው። እሱን ደግሞ ያለ ሚስት፣ ያለ ልጅ እንዳላስቀረው ብዬ ነው። ጎንሽንም የጠየቅኩሽ፣ ሁለቱን ማንሳት ትችይ እንደሆነ ብዬ ነው። ሌላ ምን ላድርግ? ንገሪኛ፣ ሌላ ምን ላድርግ?»

«ይጠይቁኝ ነበር፤ ሌላ ምን አለ» አለች ትኬት ቆራጯ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ቢሮ ውስጥ የተቆጣ ደንበኛ ፊት የምትናገርበት ድምፅ ነው የወጣላት። «እታለም፣ ትሄጃለሽ። እሱም ይሄዳል። የሚቆየው ሰርጉ ነው። መጀመሪያ ይሂድ፣ ይስጥሽ፣ ይዳን። ከዚያ መጥቶ፣ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጎደለው ነግሮ ይጠይቀኝ። ያኔ የምለውን እላለሁ።»

«ማን ሊያስታምማቸው?» አሉ እናትየው።

«እርስዎ ነዋ። ሕመምተኛ የምታስታምመው እናት እንጂ ሙሽራ አይደለችም። ሦስተኛው ትኬት የእርስዎ ነው።»

«እኔ?» እናትየው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ በአየር? ኧረ እኔ ሊፍት እንኳ አልገባም! የገዛ ልጄ የጠገነውን!» ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ፊታቸው ላይ ሌላ ምንም ያልተቀላቀለበት ፍርሃት ታየ። እታለም ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ያስላት፣ ያስለቅሳት ጀመር። ወንድሟም ሊስቅ ሲል የእጮኛውን ፊት አየና ተወው። እናትየው ወደ አልጋው ጫፍ ተጠግተው ተቀመጡ፤ የልጃቸውን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ያዙ። «መስኮት አጠገብ አታስቀምጡኝ ብቻ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ፣ «ስንመለስስ ብናጣሽ?»

«ሊያጡኝ ይችላሉ እማማ» አለች። ይህን ለማለት ያን ያህል እንደማይከብዳት አላወቀችም ነበር።

ታክሲ መያዣው ድረስ ሸኛት። መንገዱ ከሥራ በሚመለስ ሰው ሞልቷል፤ ሱቆቹ መብራት እያበሩ ነው። እሱ ብዙ ተናገረ። ሌላ የደበቀው ነገር የለም፤ ይምላል፤ ከፈለገች ሐኪሙን ታናግር። እሷ አንዱንም አላስተባበለችም፣ አንዱንም አልተቀበለችም። ሻጭ እየማለ ጨርቅ ሲዘረጋላት እንደምታዳምጠው አዳመጠችው። ተራው ደርሷት ልትገባ ስትል፣ «ስንመለስ አየር ማረፊያ ትመጫለሽ?» አላት።

«የምትመለስበትን ቀን እውነቱን ከነገርከኝ።»

ታክሲው ሲነሳ ወደ ኋላ አላየችም። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ የሽንኩርት መወደድ አነሱባት፤ አዎ አለች፤ እውነትም ተወድዷል። ነገ ሳቂታ ምን ሆንሽ ስትላት ምን እንደምትላት ታስባለች። ዘመድ ምን ይላል፤ የታተመው ጥሪ ወረቀት ምን ይሆናል። ደግሞም ያቺ ክፉ ሐሳብ መጣችባት፤ ግራ ጎኑን ሲነካ ጣቱ ትንሽ አላመነታም? ቢዋሽስ? ስልኳ ጠራ። እሱ ነው። ልትተወው አስባ አነሳችው። ከበስተጀርባው የመንገዱ ጫጫታ ይሰማል፤ ከቆመበት አልተነቃነቀም ማለት ነው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው» አለ። «ለማንም አልነገርኩም። ለእማዬም።»

«ምን?»

«ፈርቻለሁ» አለ። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ ነበር። «ደም ሲቀዱኝ እንኳ አላይም፤ ዞር ነው የምለው። ቢላውን ሳስበው እንቅልፍ አልወስድ ካለኝ ቆየ። እታለም እንዳታውቅ።»

ከጠዋት ጀምሮ ከተነገራት ሁሉ ያለምንም ጥርጣሬ ያመነችው ይህን ብቻ ነበር። ሴትዮዋ አሁንም ስለ ሽንኩርት ያወራሉ።

«ወራጅ አለ» አለች ለሾፌሩ።

«የት ጋ?»

«እዚሁ።»